ናሙናው ወዴት ይሄዳል?

«ፓስተር ወራጅ አለ?» ይላል ረዳቱ፣ የታክሲውን በር ገፋ አድርጎ።

አጠገቤ የተቀመጡት አባት ከዘራቸውን አስተካከሉና፣ ማንም ሳይጠይቃቸው «እኔንስ እዚህ ነው የወጉኝ» አሉ። «ልጅ ሆኜ ውሻ ነክሶኝ። ሆዴ ላይ ነበር፤ በየቀኑ። ዛሬም ውሻ ሳይ ቀድሞ የሚያመኝ ሆዴ ነው።» ታክሲው ውስጥ ሳቅ ሆነ። ከኋላ ያለች ወጣት «እኔ ደግሞ ፓስተር ሲሉ የቸርች መስሎኝ» አለች።

ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከሰባኪ አይደለም። ባለስሙ እ.ኤ.አ. በ1885 በእብድ ውሻ የተነከሰ ልጅ በክትባት ያከመው ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1940ዎቹ የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት እዚህ ተተከለ። ከዓመታት በኋላ በመንግሥት እጅ ገባ፣ ስሙም ተደጋግሞ ተቀየረ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይባላል። ተቋሙ ስም ሲቀያይር ሰፈሩ ግን የድሮውን ይዞ ቀረ።

ፓስተር የታገለውን ጠላት በዓይኑ አይቶት አያውቅም። የዘመኑ ማይክሮስኮፕ አቅሙ አይደርስም ነበር። የሰው ልጅ የቫይረስን ምስል አጥርቶ ያየው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ አንዱም የትምባሆ ቅጠል የሚያጠቃ ቫይረስ ነበር። ይህን የማይታይ ነገር ለመማር ዕድሜዋን የሰጠች አንዲት ተማሪ ዘንድ ልሄድ ስለሆነ፣ ፓስተር ላይ አልወረድኩም። የእኔ መንገድ ገና ነው።

ዘጠኝ ፍየሎች

ስሟንም ላቦራቶሪዋንም እንዳልጠቅስ ጠይቃኛለች። የወሎ ልጅ ናት፤ በመጀመሪያ ዲግሪዋ የእንስሳት ሐኪም፣ አሁን የሦስተኛ ዓመት የፒኤችዲ ተማሪ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሩብ ስደርስ ነጭ ጋውኗን ለብሳ፣ ጓንቷን አጥልቃ ሥራ ጀምራለች።

ለምን ቫይሮሎጂ እንደመረጠች ስጠይቃት ስለ መጽሐፍ ወይም ስለ መምህር የምትነግረኝ መስሎኝ ነበር። የነገረችኝ ስለ ፍየሎች ነው።

«አባቴ ዘጠኝ ፍየል ነበረው። በአንድ ሳምንት አለቁ። መጀመሪያ ዓይናቸው አለቀሰ፣ ከዚያ አፋቸው ቆሰለ፣ ከዚያ ተቅማጥ። አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ በሞተር ሳይክል መጣና አፍንጫቸው ውስጥ ጥጥ ከቶ፣ በብልቃጥ አድርጎ ወሰደ። አባቴ 'መቼ ነው የምሰማው?' አለው። 'ይላካል፣ ይነገርዎታል' አለ።» ትንሽ ዝም አለች። «እስከዛሬ እየጠበቅን ነው።»

አሁን የምታጠናው ያንኑ በሽታ ነው። በባለሙያዎች አጠራር «የበግና የፍየል ደስታ መሰል» ይባላል። «ደስታ መሰል» የተባለው የቀንድ ከብት በሽታ የሆነውን «ደስታ»ን ስለሚመስል ነው። ደስታ የሚለው ስም ለዚያ መቅሠፍት መሰጠቱ ምጸት ይመስላል፤ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ክፉ ቀን ያልነው ረሃብ የመጣው በዋናነት እሱ ከብቱን ስለፈጀው ነው። ከአሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ ማረሻ ቆመ። አፄ ምኒልክ ሕዝቡን ለማደፋፈር ዶማ ይዘው በገዛ እጃቸው እንደቆፈሩ የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ያ ሁሉ በአብዛኛው የአንድ ቫይረስ ሥራ ነበር፤ ቫይረስ የሚባል ነገር መኖሩ ግን በዚያን ጊዜ በቅጡ አልታወቀም።

የደስታ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ያጠፋው ሁለተኛው የቫይረስ በሽታ እሱ ነው። የቫይረሱ ቅሪትና የክትባቱ ዘር እንዲቀመጥባቸው ከተፈቀደላቸው ጥቂት ተቋማት አንዱ እዚሁ ቅርባችን ቢሾፍቱ ያለው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል፣ ፓንቫክ ነው። የፍየሉን ዘመዱን ደግሞ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት ዓለም ዕቅድ ይዟል። ለማጥፋት ግን መጀመሪያ የትኛው ዓይነት፣ የት፣ ከየት እንደመጣ መታወቅ አለበት። የተማሪዋ ሥራ ይህ ነው።

እውነት የሚባሉ ሴሎች

ቫይረስ ብቻውን አይራባም። እርሾ ሊጥ እንደሚፈልግ እሱም ሕይወት ያለው ሴል ይፈልጋል። ስለዚህ የቫይሮሎጂ ተማሪ መጀመሪያ የሚማረው ቫይረስ ማጥናት ሳይሆን ሴል መቀለብ ነው።

ኢንኩቤተሩን ከፈተች፤ 37 ዲግሪ ሙቀት፣ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። አንዲት ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ጠርሙስ አውጥታ ወደ ብርሃን ያዘቻት። ውስጧ ያለው ፈሳሽ ቀላ ያለ ነው።

«ቀይ ከሆነ ደህና ናቸው። ወደ ቢጫ ሲሄድ ወይ በዝተው ምግብ ጨርሰዋል፣ ወይ ባክቴሪያ ገብቶባቸዋል። ደፍርሶ ቢጫ ከሆነ ግን አልቅሰህ ትደፋዋለህ» አለችና፣ ለማታውቀው እንግዳ «አንተ» ማለቷ ትዝ ብሏት «ይቅርታ፣ ይደፉታል» ብላ ሳቀች።

ሴሎቹ ቬሮ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1962 በጃፓን ቺባ ዩኒቨርሲቲ ከአንዲት አፍሪካዊ ጦጣ ኩላሊት ተወስደው፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሳይሞቱ በዓለም ላቦራቶሪዎች ሁሉ እየተከፋፈሉ ይኖራሉ። ስሙ ኤስፔራንቶ ከተባለው ሰው ሠራሽ ቋንቋ «አረንጓዴ ኩላሊት» ከሚል ሐረግ ያጠረ ነው፤ በዚያው ቋንቋ «ቬሮ» ማለት ደግሞ «እውነት» ነው። የጦጣዋ ዝርያ ለዓመታት በመዝገብ «ኤትዮፕስ» ተብሎ ሲጻፍ ቆይቷል፤ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ከእጃችን ሙዝ የሚነጥቁን ጦጣዎች የሚጠሩበት የሳይንስ ስም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ዘረ መሏ ሲነበብ ግን ዘመዷ የምዕራብ አፍሪካው ዝርያ ሆኖ ተገኘ። መዝገብ ላይ የተጻፈ ስም እንኳ እስኪነበብ ድረስ እውነት እንዳልሆነ ያሳያል።

ሴሎቹን የምትቀልባቸው ፈሳሽ ውስጥ ከጥጃ ፅንስ ደም የተጣራ ሴረም አለ። ከውጭ አገር ነው የሚመጣው። ጋውን የለበሱ አንድ ጎልማሳ ጠርሙስ እያጠቡ ሰምተው ኖሮ ጣልቃ ገቡ። «ከአፍሪካ በከብት ብዛት አንደኛ ነን ይላሉ፤ የጥጃ ደም ግን በአውሮፕላን እናስመጣለን።» ተማሪዋ «ጋሼ» ትላቸዋለች። የላቦራቶሪው ቴክኒሻን ናቸው፤ ከብዙ ፕሮፌሰሮች በፊት እዚህ ነበሩ።

ከፍየል አፍንጫ የተወሰደው ናሙና ሴሎቹ ላይ ይፈስና መጠበቅ ይጀመራል። በየቀኑ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ቫይረሱ ካለ ሴሎቹ ቅርጻቸውን ያጣሉ፣ እርስ በርስ ተጣብቀው ትልልቅ ሴል ይሆናሉ፣ በመጨረሻ ከጠርሙሱ ወለል ይላቀቃሉ። ምንም ካልታየ ቫይረሱ የለም ማለት አይደለም፤ ናሙናው ከመጀመሪያው ጠርሙስ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛ ይሸጋገራል። ምን እንዳለ ሳይታወቅ ስለሚሸጋገር «ዕውር ማሸጋገር» ይሉታል። አንድ ናሙና ወር ሊበላ ይችላል።

ቫይረሱ ሲገኝ መጠኑ መለካት አለበት። ለዚህም 96 ጥቃቅን ጉድጓዶች ያሉት ሰሃን አለ። ቫይረሱ አሥር እጥፍ፣ መቶ እጥፍ፣ ሺህ እጥፍ እየቀጠነ በየረድፉ ይጨመርና ከጉድጓዶቹ ግማሾቹ ብቻ የሚታመሙበት ቅጥነት ይፈለጋል። የስሌቱ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣ ነው፤ ዛሬም በእስክርቢቶና በወረቀት ይሠራል። የቫይሮሎጂ ሥልጠና አንድ ገጽታ ይህ ነው። ትልቁ ማሽን የሚሠራው ትንሽ ነው፤ የተረፈውን የሚሠሩት ያልተንቀጠቀጠ እጅና ያልሰነፈ ዓይን ናቸው።

ሦስት ጊዜ ወደ ኦሞ

ለሻይ ስንወጣ የአባቷን ጥያቄ አነሳሁባት፤ ናሙናው ወዴት ነው የሚሄደው? ጥያቄው የአንድ ገበሬ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ ራሷ ስትጠይቀው ኖራለች። መልሱን ለማየት ሦስት ጊዜ ወደ ኦሞ መውረድ በቂ ነው።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 ነው። ቢጫ ወባ በኦሞና በዴዴሳ ሸለቆዎች ገባ። በአፍሪካ ከተመዘገቡት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ሁሉ ከከፉት አንዱ ሆነ፤ 100,000 ያህል ሰው ታሞ 30,000 ያህሉ እንደሞተ ተገምቷል። መንገድ በሌለበት አገር በሽታው ምን እንደሆነ እስኪለይ ብዙ ወራት አለፉ። ከፓስተር ሰፈር የወጡ ተመራማሪዎች ትንኝና ደም እየሰበሰቡ ያደረጉት ጥናት ዛሬም የዓለም የቢጫ ወባ ጽሑፎች ይጠቅሱታል፤ የጥናቱ ደራሲዎች ግን በአብዛኛው ፈረንሳውያን ነበሩ። ሟቾቹ የእኛ፣ አንባቢው የሌላ።

ሁለተኛው በ2005 ዓ.ም. ነው። ቢጫ ወባ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ እንደገና ደቡብ ኦሞ ላይ ታየ። ማረጋገጫው የመጣው ከዳካር፣ ከሴኔጋል ነበር። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ አጋማሽ ኮሮና ሲወራም ነገሩ ያው ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ተጠርጣሪዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ተላከ። ይሁንና ሳምንታት ሳያልፉ ምርመራው አዲስ አበባ ተጀመረ፤ መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው ታማሚ ይፋ ሲደረግ ውጤቱ የአገር ውስጥ ነበር።

ሦስተኛው ገና ትኩስ ነው። በኅዳር 2018 ዓ.ም. በደቡብ ኦሞዋ ጂንካ ሰዎች ደም በሚያፈስ ትኩሳት ታመሙ። ኅዳር 5 ቀን ማርበርግ መሆኑ ታወጀ። የቫይረሱን ዘረ መል አንብቦ ከዚህ በፊት በምሥራቅ አፍሪካ ከታየው ዓይነት ጋር አንድ መሆኑን የለየው ፓስተር ሰፈር ያለው ኢንስቲትዩት ነው። በሽታውን ለመለየት ናሙናው ከጂንካ ወጥቶ የሄደው አዲስ አበባ ነበር።

ማርበርግ ለቫይሮሎጂ ተማሪ ሌላም ትርጉም አለው። በሽታው ስሙን ያገኘው ከጀርመን የዩኒቨርሲቲ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ከኡጋንዳ የመጡ ጦጣዎችን ኩላሊት አውጥተው ሴል ሲያዘጋጁ የነበሩ የላቦራቶሪ ሠራተኞች በማርበርግ፣ በፍራንክፈርትና በቤልግሬድ ታመሙ፤ ከ31 ታማሚዎች 7 ሞቱ። ተማሪዋ ዛሬ ጠዋት የቀለበቻቸው ሴሎች ምንጭ ያው የጦጣ ኩላሊት ነው። «የጓንቱ፣ የካቢኔቱ፣ የበሩ ሕግ ሁሉ የተጻፈው በሰው ሞት ነው» ትላለች። ማርበርግን አሳድጎ ማጥናት ከሁሉም ጥብቅ የሆነውን አራተኛ ደረጃ ላቦራቶሪ ይጠይቃል። ቫይረሱን በኬሚካል ከገደሉ በኋላ ዘረ መሉን ማንበብ ግን በቀላል ደረጃ ይቻላል፤ የጂንካውን ናሙና አዲስ አበባ ማንበብም በዚህ መንገድ የሚቻል ነው።

የሌላ አገር ቁጥር

እዚህ ለመድረስ ሰው ማሠልጠን ያስፈልግ ነበር። ከቀደምቶቹ ትልልቅ ሙከራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ነው። ላቦራቶሪው ፓስተር ግቢ ውስጥ ተቋቋመ። ከአቃቂና ከወንጂ ፋብሪካዎች ፈቃደኛ ሠራተኞች ለዓመታት ደም እየሰጡ ክትትል ተደረገላቸው፤ ወጣት ኢትዮጵያውያን ደግሞ ግማሹን ጊዜ እዚህ፣ ግማሹን አምስተርዳም እየሆኑ ዶክትሬታቸውን ሠሩ። ይህን ዓይነቱን ትምህርት ተማሪዎች «ሳንድዊች» ይሉታል።

ከጥናቱ አንዱ ግኝት ለምን የራስ ተመራማሪ እንደሚያስፈልግ ያሳያል። በኤችአይቪ ያልተያዘ ጤነኛ ኢትዮጵያዊ ሲዲ4 የሚባለው የመከላከያ ሴል ብዛቱ ከጤነኛ ሆላንዳዊ ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። በዚያን ዘመን መድኃኒት የሚጀመርበትን ጊዜ የሚወስነው የሲዲ4 ቁጥር ነበር፤ ቁጥሩም የተወሰነው በሌላ አገር ሰው ደም ነው። የእኛን ደም ሳይቆጥሩ የሌላውን መለኪያ መዋስ ምን ያህል እንደሚያሳስት የታየው ደሙ እዚህ ስለተቆጠረ ነው። በፕሮጀክቱ ከሠሩት አንዷ ዶክተር ፀሐይነሽ መሰለ በኋላ የኢንስቲትዩቱ ኃላፊ ሆነዋል፤ ከዚያም መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገውን የአፍሪካ የላቦራቶሪ ሕክምና ማኅበር መርተዋል።

ዛሬ ወደ ቫይሮሎጂ የሚመጣ ተማሪ በብዛት የሚገባው በማይክሮባዮሎጂ በር ነው። ከሕክምና ላቦራቶሪ፣ ከባዮሎጂ ወይም ከእንስሳት ሕክምና ይመጣል፤ ማስተርሱን በሁለት ዓመት፣ ፒኤችዲውን በወረቀት ላይ በአራት ዓመት ይጨርሳል። ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈው የጥበቃው ጊዜ ነው። ሪኤጀንት የሚባለው የላቦራቶሪ ኬሚካል ታዞ፣ የውጭ ምንዛሪ ተገኝቶ፣ ጉምሩክ ታልፎ እስኪገባ ወራት ይሄዳሉ። በበረዶ መቆየት ያለበት ዕቃ አንድ ቅዳሜና እሑድ መጋዘን ውስጥ ከዋለ ደግሞ ገዝቶ መጣል ነው።

የተማሪዋ ክፉ ቀን የመጣው በሁለተኛው ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ማታ መብራት ጠፋ፣ ጀነሬተሩ ነዳጅ አልነበረውም። ሰኞ ጠዋት ስትመጣ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ መሆን የነበረበት ፍሪዘር ወለሉ ላይ ውሃ አንጠባጥቧል። የዚህ ቫይረስ ዘር ሙቀት አይችልም። ከስምንት ወር ሥራ የተረፉት አራት ብልቃጦች ናቸው።

የሥራ ደብተሯን አሳየችኝ። በእስክርቢቶ ነው የሚጻፈው፤ ስህተት አይፋቅም፤ በአንድ መስመር ተሰርዞ ይፈረምበታል። የዚያን ሰኞ ገጽ ላይ ቀኑና ሁለት ቃላት ብቻ አሉ፤ «ፍሪዘር። ሁሉም።»

«ማቆም አልፈለግሽም?»

«ፈልጌ ነበር። ግን ከዚያ የባሰውን ገና አላየሁም ነበር» አለችና ሳቀች። የባሰው ደስ ያላት ቀን ነው። በፒሲአር ካየቻቸው ናሙናዎች አብዛኞቹ ቫይረስ እንዳለባቸው አሳዩ። ይህ ማሽን የዘረ መልን ቁራጭ በየዙሩ እጥፍ ያደርጋል፤ በ10 ዙር ሺህ እጥፍ፣ በ20 ዙር ሚሊዮን እጥፍ። ለአማካሪዋ ልትደውል ስልኳን አንስታ ሳለ የመጨረሻዋን ጉድጓድ አየች። ውሃ ብቻ የነበረባት፣ ባዶ መሆን የሚገባት ጉድጓድ። እሷም ቫይረስ አለብኝ ትላለች። የሆነ ቦታ፣ ምናልባት በፈሳሽ መቅጃዋ በፒፔቷ ጫፍ፣ ጠብታ ተላልፏል። የሁለት ወር ውጤት ሁሉ ተጣለ።

«ከዚያን ቀን ወዲህ ደስ ሲለኝ ነው የምጠራጠረው» ትላለች። ከሰማሁት ሁሉ የዚህን ትምህርት ልክ የነገረኝ ይህ አባባል ነው። ፒፔት መያዝ በሳምንት ይለመዳል። የራስን ደስታ ለባዶዋ ጉድጓድ አስረክቦ እንደገና መጀመር ግን ዓመታት ይወስዳል፤ ሰው ሰለጠነ የሚባለውም ያኔ ነው። እንዲህ የሰለጠነ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ቦታ ውጭ አገር መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ከእሷ በፊት በዚህ ወንበር የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ዛሬ አውሮፓ ናቸው። አትወቅሳቸውም። «ዘረ መል ሳስነብብ እነሱ ናቸው የሚረዱኝ» ትላለች።

ፍሪጁ

ከሰዓት በኋላ ከመስክ ሳጥን ገባ። ከወሎ ነው። ጋሼ ሦስት ድርብ የሆነውን ማሸጊያ በለመደ እጅ ፈቱት፤ ውጪው ካርቶን፣ ቀጥሎ የማይሰበረው ዕቃ፣ ከውስጥ ጥጥ የተጠቀለለባቸው ብልቃጦች። ይህን ማሸጊያ ለሃያ ዓመት ያህል ሲያሽጉት እንጂ ሲፈቱት አልኖሩም። «የእኔ ሥራ መላክ ነበር» አሉኝ። «ደረቅ በረዶ መሙላት፣ ቅጽ መሙላት፣ ኤርፖርት ማድረስ። ወደየአገሩ ልኬያለሁ። መልሱ አንዳንዴ በኢሜይል ይመጣል፤ አንዳንዴ ጋዜጣ ላይ፣ የማላውቀው ሰው ስም ያለበት ጽሑፍ ሆኖ ይመጣል።»

ተማሪዋ የብልቃጦቹን ቁጥር ጮክ ብላ እያነበበች ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን የገበሬው ቀበሌና ስልክ አለ። ይህን ዓምድ የጨመረችው ራሷ ናት፤ ውጤት ሲወጣ ትደውላለች። እስካሁን ለሠላሳ ሰባት ገበሬ ደውላለች። አንዳንዶቹ ረስተውታል፣ አንዳንዶቹ ፍየሎቹን ሸጠዋል፤ አንድ ሽማግሌ ብቻ «እንዴት ያለሽ ልጅ ነሽ፣ አሁንማ ሥጋቸውን በልተን ጨርሰናል» አሏት።

ጋሼ የመጨረሻውን ብልቃጥ ይዘው ቀና አሉ። «ዶክተርዬ፣ እነዚህስ ወዴት ናቸው?»

«የትም አይሄዱም ጋሼ። እዚሁ ነው የሚቆዩት።»

ጋሼ ፍሪዘሩን ከፍተው ውስጡን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። ጭሱ ፊታቸውን ሸፈነው።

«እንግዲያው» አሉ፣ «ሌላ ፍሪጅ ይግዙልን።»